ልጓም እምቢ ያለ ፈረስ

ልጄ፣ ዳማው ፈረስህ ልጓም ባየ ቁጥር ራሱን ወደ ሰማይ እየሰቀለ፣ ጥርሱን እየገጠመ አላስቀርብ እንዳለህ ሰምቻለሁ። ጎረቤቶችህ የመከሩህንም ሰምቻለሁ። አንዱ ጆሮውን ጠምዝዘህ ያዘው ብሎሃል፤ ሌላው የላይኛ ከንፈሩን በገመድ ጠፍንገህ ወደ ታች ሳበው ብሎሃል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ቀን ሳይበላ ይደር፣ ያኔ አፉን ይከፍታል ብሎሃል። ሦስቱም ላንተ አስበው ነው። ሦስቱንም ግን አትስማቸው። ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል እንዲደርስልህ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ እንጅባራ ሜዳ ላይ ከእኩዮችህ ጋር ለመሰለፍ ልብህ ተነሥቷል። ልብህ መነሣቱ ደስ ይለኛል፤ ችኮላህ ግን ያሳስበኛል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል እንኳ በአንድ ጀንበር ይለቀማል፤ የፈረስ አመኔታ ግን አንዴ ከፈሰሰ ለቅሞ ለመመለስ ወራት ይፈጃል።

እኛ ፈረስን በሰው ልክ እንመዝነዋለን። እምቢ ሲል ጠገበ፣ ናቀኝ፣ ተንኮለኛ ነው እንላለን። ቀጥለን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን እንመዛለን። ይህ የተተረተው ለሰው ነው፤ ሰምቶ ለሚገባው፣ ገብቶትም እምቢ ለሚል። ፈረስ ቃልህን አልሰማም፤ የሚያውቀው እጅህን ነው። ልጓም የያዘ እጅ ያሳምማል ብሎ ላመነ ፈረስ መከራ ብትጨምርለት እምነቱን ታጸናለታለህ። ለዚህ ነገር የሚስማማው ሌላው ተረት ነው፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አንድ ቀን አንድ ሰው ተጣድፎ ብረቱን ከጥርሱ ጋር አጋጭቶበታል። ሰውየው ያንኑ ማታ ረስቶታል፤ ፈረሱ ግን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ያን ሰው አንተ አታውቀውም፤ ፈረሱን የገዛኸው ከገበያ ነው። ዕዳው ግን ከፈረሱ ጋር አብሮ ተሽጦልሃል፤ ከፋዩ አንተ ነህ።

እንግዲህ ልጓሙን ከማንሣትህ በፊት ጠይቅ፣ መርምር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ልጓም እምቢ የሚል ፈረስ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ዛሬ የሚያመው ነገር አለ፣ ወይ ሕመሙ ድኖ ትዝታው ቀርቶበታል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ትዝታ የቀረበትን በትዕግሥት ታስተምረዋለህ። የሚያመውን ግን ምንም ያህል በእርጋታ ብታስተምረው ግፍ ነው፤ በቁስሉ ላይ ብረት እንዲሸከም ታለማምደዋለህና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ፈረስን አይመለከትም። እሱ አልደበቀም፤ ራሱን ወደ ላይ ሲሰቅል እየነገረህ ነው።

ከአፉ ጀምር። አካለ መጠን ያደረሰ ወንድ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 40 ጥርስ አለው። የባዝራ ክራንቻ ስለማይወጣ ወይም እጅግ ትንሽ ስለሚሆን ቁጥሩ ወደ 36 ይወርዳል። ፊት ለፊት ሣር የሚነጭበት 12 ነው፤ ከኋላ የሚፈጭበት መንጋጋ 24 ነው። በፊት ጥርሱና በመንጋጋው መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ ታገኛለህ። ልጓም የሚያርፈው እዚያ ነው፤ አውራ ጣትህ ያለ አደጋ የሚገባውም እዚያ ነው። ይህ ድድ ስስ ነው፤ ከሥሩ ሥጋ የለም፣ ወዲያው አጥንት ነው። በዛብ የሚሳብ ብረት እዚያ ላይ ሲጫን ምን እንደሚሰማ ማወቅ ከፈለግህ የእግርህን አገዳ በብረት ጫን አድርገው። ከዚያ በኋላ እጅህ ራሱ ይለዝባል።

ፈረስህ አራት ዓመቱን እንደያዘ ነግረኸኛል። በዚህ ዕድሜ የፈረስ አፍ ሰላም የለውም። የፊት የወተት ጥርሱን በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል አካባቢ በየተራ ይቀይራል። የመንጋጋው የወተት ጥርስም የሚወድቀው በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው፤ ክራንቻውም በአራትና በአምስት ዓመት መካከል ድዱን ቀዶ ይወጣል። ሰው ፈረሱን «ለሥራ ደረሰ» ብሎ ልጓም የሚያጎርሰው አፉ ውስጥ ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ መሆኑን ሳስብ አዝናለሁ። ብዙ «አመለኛ» የተባለ ፈረስ ጥርስ እያበቀለ የነበረ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ ፈረስ አፍ ውስጥ፣ ከላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ፊት ለፊት፣ አንዲት ትንሽ ጥርስ ብቅ ትላለች። አትነጭም፣ አትፈጭም። ዛብ ሲሳብ ግን ብረቱ እርስዋ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ያኔ ፈረሱ ራሱን በድንገት ያነሣል። የእንስሳት ሐኪም አይቶ፣ ካስፈለገ አደንዝዞ ይነቅላታል። ጥርስ አውቃለሁ የሚል ሁሉ በጉጠት እንዲነካት አትፍቀድ፤ ተሰብራ ሥሯ ከቀረ ከፊተኛው ይብሳል።

መንጋጋውንም አትርሳ። የፈረስ ጥርስ በዓመት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ከድዱ እየወጣ፣ በማኘክ ደግሞ እያለቀ ነው የሚኖረው። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል የላይኛው ጥርስ በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል ሳይፈጭ ይቀርና ስለት ያወጣል። በዚያ ላይ የልጓሙ ጠፍር ጉንጩን ወደ ውስጥ ሲገፋው ሥጋው ከስለቱ ጋር ይገናኛል። እንዴት ታውቃለህ? ሲበላ ተመልከተው። ያኘከውን ድርቆሽ ጠቅልሎ ከተፋው፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ካኘከ፣ ትንፋሹ ከከረፋ፣ ፋንድያው ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ካገኘህ፣ ነገሩ ከልጓም በፊት የጥርስ ነው። ሐኪሙ በሞረድ ያስተካክለዋል። አንተ ግን እጅህን ወደ መንጋጋው እንዳትሰድ፤ ገብስ የሚያደቅ መንጋጋ ጣት አይለይም። ያንተ ድርሻ ከንፈሩን ገልጠህ ማየት ነው፦ የአፉ ማዕዘን ተሰንጥቋል ወይ? ጠጉሩ እዚያ ቦታ ነጭ ሆኖ በቅሏል ወይ? ምላሱ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ ወይ? ባዶው ድድ ላይ ጣትህን በቀስታ ስታሳርፍ ይሸሻል ወይ?

ከአፉ ወደ ጆሮው ውጣ። ብዙ ሰው ፈረሱ ብረቱን የጠላ ይመስለዋል፤ ፈረሱ የጠላው ግን ጠፍሩ በጆሮው ላይ ሲያልፍ ሊሆን ይችላል። ጆሮው ውስጥ መዥገር መኖሩን እይ፤ ከክረምት በኋላ በሣር የዋለ ፈረስ ጆሮው ከመዥገር አይጠራም። ከጆሮው ኋላ ማጅራቱን ዳስስ፤ ገመድ የላጠው ቦታ አለ? ልጓም በሌለበት፣ በባዶ እጅ ስትነካው ከሸሸ ሕመሙ የት እንደሆነ ነግሮሃል። ጆሮውን ጠምዝዝ ያለህን ሰው ምክር አትስማ ያልኩህ ለዚህ ነው። ዛሬ በጠመዘዝከው ጆሮ ነገ ጠፍር አታሳልፍበትም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ ከአፍ የጀመረውን ፍርሃት ወደ ጆሮ ትወስደዋለህ፣ ቀጥሎ በጋጣው በር መታየትህ ራሱ ያስበረግገዋል።

አሁን ወደ ብረቱ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንላለን። በልጓም ነገር ግን ተገልብጦ ነው የማየው፤ ጥፋቱ የብረቱ ሆኖ ሳለ ዱላው ለፈረሱ ይደርሰዋል። ልጓምህን አጥበህ ጣትህን ዙሪያውን አሳልፍበት። ዝገት አለው? ቀጥቃጩ ያልሞረደው ጫፍ አለው? መሐሉ የሚታጠፍ ከሆነ መጋጠሚያው ላልቶ ሥጋ የሚቆነጥጥ ሆኗል? ስፋቱንም ለካ፤ በአፉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ በየጎኑ የግማሽ ጣት ያህል ብቻ ይትረፍ። ጠባብ ከሆነ ከንፈሩን ይጨምቃል፤ ሰፊ ከሆነ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ይልጣል። ከፍታው ደግሞ የአፉ ማዕዘን ላይ አንድ ወይም ሁለት ሽብሽብ እስኪታይ ነው። ከዚያ በላይ ከሳብከው ቀኑን ሙሉ እየተጎተተ ይውላል፤ ዝቅ ካለም ክራንቻውን እየመታ ያስቸግረዋል።

የአባቶቻችን ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አለው። ዛብ ሲሳብ ቀለበቱ ከአገጩ ሥር ይጨብጣል፣ የመሐሉ ብረትም ወደ ላንቃው ይነሣል። በጉግስ ሜዳ በአንድ እጁ ዛብ፣ በሌላው ዘንግ ይዞ የሚጋልብ ሰው በቅጽበት እንዲያቆምበትና እንዲመልስበት የተሠራ ነው። ይህን ልጓም አከብረዋለሁ፤ በለዘበ እጅ ጥቂት ተነክቶ ብዙ ይናገራል። በሻካራ እጅ ግን አፍ ያደማል። ገና ለሚማር፣ ይልቁንም ለፈራ ፈረስ አይሆንም። ለማጉረስም አስቸጋሪ ነው፤ ብረቱ ወደ አፍ ሲገባ ቀለበቱ በአገጩ ዙሪያ እኩል መግባት አለበት፣ ሲወጣም እንዲሁ። ስለዚህ ለጊዜው ግድግዳ ላይ ስቀለው። ቀለል ያለ፣ ወፈርና ለስለስ ያለ፣ ቀለበት የሌለው ብረት ፈልግ። አፉ ሲድን፣ እጅህም ሲበስል ወደ አባቶችህ ልጓም ትመለሳለህ።

ሻጩ ፈረሱ ጋሪ ስቦ እንደሆነ ነግሮህ ነበር? ካልጠየቅኸው አሁንም ቢሆን ፈልገህ ጠይቀው። በከተሞቻችን ከፌሮ ተቆርጦ የተጠመዘዘ፣ ወይም ከሽቦ የተሠራ ልጓም የጎረሱ የጋሪ ፈረሶችን አይቻለሁ። ባለጋሪው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በዚያ ፈረስ ልጆች ያሳድጋል፣ የተሻለ ብረት የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ለፈረሱ አፍ ግን ምክንያቱ ለውጥ አያመጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ያንተ ልጓም የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን በፌሮ ለተቃጠለ አፍ ያው ብረት ነው፤ የተለየ መሆኑን በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚረዳው። ይህን አውቀህ ግባበት።

ሐኪሙ አፉ ጤነኛ ነው ካለህ ትምህርቱን ጀምር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልጓሙን ጭራሽ አታምጣው። ፈረሱ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሰውነቱ ተጠርጎ ሲረጋጋ፣ በለመደው ቦታ፣ በአንገቱ ገመድ ብቻ ይዘኸው ከትከሻው ጎን ቁም። ፊት ለፊቱ አትቁም። ፈረስ ዓይኑ በጎን በጎኑ ስለሆነ ዙሪያውን ሁሉ ያያል ለማለት ይቻላል፤ ከግንባሩ ፊት ለፊት፣ አፍንጫው ሥርና ከጅራቱ ኋላ ያለውን ግን አያይም። ልጓም ደግሞ የሚመጣበት በማያይበት ቦታ፣ ከአፍንጫው ሥር ነው። እጅህ ከየት እንደመጣ እንዲያውቅ ከትከሻው ጀምረህ በአንገቱ፣ በጉንጩ እያሻሸህ ውጣ። እጅህን ከላዩ አንሥተህ እንደገና በድንገት አታሳርፍበት።

ራስ ዝቅ ማድረግን አስተምረው። መዳፍህን ከጆሮው ኋላ ማጅራቱ ላይ አኑርና ጥቂት ጫን በል። ገፍተህ አታወርደውም፤ የፈረስን አንገት ጉልበት ማን ይችለዋል? ጠብቅ። አንድ ጣት ያህል እንኳ ዝቅ ሲል ያን ጊዜውን እጅህን አንሣ። ፈረስ የሚማረው ጫና በሚነሣበት ቅጽበት ነው። ይህን አንድ ነገር ከያዝህልኝ ሌላውን ብትረሳ ግድ የለኝም። እስከ ዛሬ የሆነውን አስብ፦ ልጓም ይዘህ ትመጣለህ፣ ራሱን ይሰቅላል፣ አንተ ደንግጠህ እጅህን ትመልሳለህ። ራስ መስቀል ከብረት እንደሚያድን ራስህ አስተምረኸዋል፤ ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ትምህርቱን ይዞታል። ከዛሬ ጀምሮ ራሱን ሲሰቅል እጅህ አብሮት ይውጣ፤ አትጫነው፣ አትሳበው፣ አትልቀቀውም። ዝም ብለህ አብረኸው ቆይ። ሲወርድ ልቀቀው። ውጊያ ካደረግኸው ግን «በግ ከበረረ፣ ሞኝ ካመረረ» እንደሚባለው ይሆናል፤ ሁለታችሁም መመለሻ ታጣላችሁ።

ራሱን ማውረድ ሲለምድ ወደ አፉ ሂድ፣ አሁንም በባዶ እጅ። አውራ ጣትህን በአፉ ማዕዘን በኩል አስገባና ጥርስ በሌለበት ድድ ላይ፣ ወይም ምላሱ ላይ፣ በቀስታ አሳርፍ። ብዙ ፈረስ ያኔ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱንም ያንቀሳቅሳል። እንደከፈተ ጣትህን አውጣ፣ አንገቱን እሸው፣ ሂድ። አዎ፣ ተወውና ሂድ። ሰው «ከከፈተ አይቀር ልጓሙን ልክተት» ይላል፤ በዚያች አንዲት ስስት የሳምንት ሥራ ይጠፋል። ጣትህ ላይ ጥቂት ማር ቀብተህ ብትመጣ ደግሞ እሱ ራሱ ይፈልግሃል። ማር ከሌለ ጨው ይበቃል።

ከጣት ቀጥሎ ለስላሳ ጠፍር ወይም የጥጥ ገመድ በልጓም ቦታ አሳልፍለት፤ ጫፎቹን ያዝ፣ እንዲያኝከው ፍቀድለት፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ሲለቀው ተቀበለው። እንዳይውጠው እንጂ ሌላ ፍርሃት የለውም። ይህ በሰላም ሲያልፍ ነው ብረት የሚመጣው። ዛቡን ከልጓሙ ፍታው፤ እግሩ ውስጥ የሚጠላለፍ፣ የሚንኳኳ ነገር አይኑር። ብረቱንም አሙቀው። አንተ ያለህበት አገር ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ጧት ውርጭ የወረደበትን ብረት ራስህ ከንፈር ላይ ብታደርገው ትሸሻለህ። በብብትህ ያዘው፣ ወይም ለብ ባለ ውሃ ንከረውና በእጅህ አንጓ ፈትነው።

ማጉረሱ እንዲህ ነው። ቀኝ እጅህ የልጓሙን የራስ ጠፍር ይዞ በጆሮዎቹ መካከል፣ ከግንባሩ በላይ ይቆይ። ብረቱ በግራ መዳፍህ ላይ ይተኛ፤ የግራ አውራ ጣትህ ወደ ለመደው ቦታ ይግባ። ብረቱን ወደ ጥርሱ አትግፋው። ከንፈሩን ነክቶ ይጠብቅ። አፉ በአውራ ጣትህ ሲከፈት ቀኝ እጅህ ጠፍሩን ወደ ላይ ይስባል፤ ብረቱ በራሱ መንገድ ያልፋል። ግራ እጅ መንገድ ያሳያል፣ ቀኝ እጅ ያነሣል፤ የሚገፋ እጅ የለም። ከዚያ ጆሮዎቹን አንድ በአንድ፣ ወደ ፊት ለዘብ አድርገህ አሳልፋቸው፤ ወደ ኋላ አትጠፋቸው። በግንባሩ ላይ ያለውን ጋማ ከጠፍሩ ሥር አውጣለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት እንዲህ ላለው ሥራ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት፣ ሁልጊዜም በበጎው ላይ ማቆም።

አሁን ሁሉም ሰው የሚዘነጋውን ልንገርህ። ልጓም መጥላት በብዛት የሚወለደው ሲወጣ ነው። ጋላቢ ደክሞት ይመጣል፣ ራቱን ያስባል፣ ጠፍሩን በጆሮው ላይ መንጭቆ ብረቱን ይጎትታል። ፈረሱ አፉን ሳይከፍት ብረቱ ከታችኛው የፊት ጥርሱ ይጋጫል፣ አንዳንዴም ይንጠለጠልበታል። ፈርቶ ራሱን ሲያነሣ የበለጠ ይጠልፈዋል። ባለ ቀለበቱ ልጓም ደግሞ አገጩን ይዞ ይቀራል። ነገ ጧት እምቢ ሲል ሰውየው ይገረማል፤ የወጋው ትናንት ማታ ነበርና ረስቶታል። አንተ ስታወጣ ጠፍሩን በሁለት እጅ ይዘህ ከጆሮዎቹ በቀስታ አውርደው፣ ከዚያ ቁም። ምላሱ ብረቱን ገፍቶ እስኪተፋው ድረስ ጠብቅ። ብረቱ ሲወርድ በእጅህ ተቀበለው እንጂ ጉልበቱ ላይ አይውደቅ። እስኪተፋው የምትጠብቃት ያች አጭር ጊዜ ከማጉረስ ጥበብ ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ከዛሬ 2,300 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈ ዘኖፎን የሚባል የአቴና ሰው ነበር፤ ወታደርም ጸሐፊም። በዚያ ዘመን ሆኖ አውራ ጣትን በመንጋጋው ውስጥ ስለማስገባት ጽፏል፤ በንዴት ወደ ፈረስ መቅረብንም አጥብቆ ይከለክላል። ከሁሉ የምወድለት ግን ይህን ነው፤ ልጓም ለሥራ ብቻ ሳይሆን ወደ መኖ ሲወሰድና ከግልቢያ ወደ ቤት ሲመለስም ይግባለት ይላል፣ ፈረሱ በፈቃዱ እንዲቀበለው። አንተም እንዲሁ አድርግ። አጉርሰው፣ ጥቂት ገብስ በመዳፍህ ስጠው፣ አውጣለት፣ ወደ መስክ ልቀቀው። ልጓም በገባ ቁጥር አለንጋና ሩጫ የሚከተል ከሆነ የትኛው ፈረስ ይወደዋል? ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች። አመኔታ የሚመጣው ደግሞ ምንም ባልተፈለገበት ቀን በተሰጠ ገብስ ነው።

አንድ ክልክል ልጨምር። ፈረስህን በዛቡ ከዛፍ ወይም ከበር ጋር አትሰር። ደንግጦ ወደ ኋላ ቢስብ ክብደቱ ሁሉ በዚያች ስስ ድድ ላይ ያርፋል፤ ምላስ የሚቆረጠው፣ አፍ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። ማሰር ከፈለግህ በአንገት ገመድ እሰር። ምላሱን ጎትተህ አፉን አትክፈት። ታናናሽ ወንድሞችህም ይህን ይወቁ፤ አንተ ለወራት የሠራኸውን አንድ ልጅ ውሃ ሊያጠጣ ሲወስደው ያፈርሰዋል።

ስለ ጥር 23 ልንገርህ። የፈረሰኞች ማኅበራችን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። በየዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት የምንሰበሰበው በዓድዋ የዘመቱ አባቶችንና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ድሉም በ1888 የካቲት 23፣ በዚያው በጊዮርጊስ ዕለት የተገኘ ነው። በድሮ ዘመን ባለቤት የፈረሱን ስም ይሸከም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ የነበረው በፈረሶቻቸው ነው። ፈረሱን ለማክበር በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት አፉ የሚደማ ፈረስ ይዞ መቅረብ ለእኔ ነውር ነው። ኮርቻው በጌጥ ቢያብረቀርቅ፣ ግላሱ ቢያምር፣ የሚያውቅ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያየው አፉን ነው።

ስለዚህ እስከ ጥር ካልደረሰ ዘንድሮ አትጋልበው። በአንገት ገመድ እየመራህ ይዘኸው ና፤ እልልታውን፣ ከበሮውን፣ የሌሎችን ፈረሶች ሩጫ ከዳር ሆኖ ይልመድ። ማንም አያፍርብህም፤ የሚያፍርብህ ካለ እኔ አነጋግረዋለሁ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ቀድሞ ለመድረስ ብለህ ከእሱ ጋር አትዋጋ። ዕድሜው ገና አራት ነው፤ ብዙ ጥር ከፊቱ አለ።

በዚህ ሳምንት የእንስሳት ክሊኒክ ውሰደውና አፉን አሳይ፤ ሐኪሙ ስለ መንጋጋው ስለትና ስለዚያች ትንሽ ጥርስ ምን እንዳለ በትክክል ንገረኝ። ጆሮውንም አብሮ ይይልህ። ልጓሙን ደግሞ ገበያ በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ መጋጠሚያውን በጣቴ ዳስሼ፣ ስፋቱን አይቼ፣ ካልሆነ ቀጥቃጩ ዘንድ ወስጄ አስተካክለዋለሁ። የፈረሱን አፍ ስፋት ከከንፈር እስከ ከንፈር በገመድ ለክተህ ገመዱን አብረህ ላከው።